ከመተማ ሽቅብ፦ የሽርሽሩ መንገድ
እንግሊዞች ሕንድን ሲገዙ፣ ሙቀቱ ሲበረታባቸው መንግሥታቸውን ጠቅልለው ወደ ሲምላ ተራራ ይወጡ ነበር። በሱዳንም ኤርኮዊትን ለዚሁ መርጠዋል። ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ለሚወርደው የእኛ ደገኛ ግን ሽቅብ መመለስ ሽርሽር አይደለም፤ ከወባ ማምለጥ ነው።

በዚህ መንገድ ለመዝናናት ሲወጡ ያየናቸው ሱዳናውያንን ነው። የካርቱምን ሙቀት ሸሽተው፣ በተለይ በዒድ ሰሞን፣ መተማን አልፈው ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው ጎንደር ይሰነብቱ ነበር።

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. አገራቸው በጦርነት ስትታመስ በዚያው በር ስደተኛ ሆነው መጡ። ትናንት እንግዳ ብለን ገንዘባቸውን ተቀብለናል። ዛሬ ባዶ እጃቸውን ሲመጡ እንግዳነታቸውን ከነሳናቸው፣ ያኔም ያከበርነው ሰውን ሳይሆን ኪስን ነበር ማለት ነው።