ትርፍ ከሌለስ?

እስቲ ከጫሞ ዳር እንነሣ። ከአርባ ምንጭ ሙዝ እየጫነ አዲስ አበባ የሚያራግፍ አንድ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አለ እንበል። በዓመት 4 ሚሊዮን ብር ይሸጣል። የሙዙ መግዣ፣ ነዳጁ፣ የጫኝና አውራጁ፣ መንገድ ላይ የተበላሸውም ሲቀናነስ 80 ሺህ ብር ይተርፈዋል። የትርፍ ግብሩ 30 በመቶ ነውና 24 ሺህ ብር ከፍሎ ይገላገል ነበር። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ግን ዝቅተኛ አማራጭ ግብር አምጥቷል፤ ግብርህ ከዓመት ሽያጭህ 2.5 በመቶ ማነስ የለበትም ይላል። ይህ 100 ሺህ ብር ነው። ከትርፉ 20 ሺህ ይበልጣል!

ነገሩ አዲስ ይምሰል እንጂ ሥሩ ሩቅ ነው። በምኒልክ ዘመን የጋሞ ገበሬ ገባር ሲደረግ፣ የሚጠየቀው እህልና ጉልበት «ዘንድሮ ምን አገኘህ?» ተብሎ አልነበረም። ከጣሊያን መውጣት በኋላ በ1934 ዓ.ም. የመሬት ግብር በብር ሲተመን በጋሻ ለም 15፣ ለም ጠፍ 10፣ ጠፍ 5 ብር ተባለ። ዝናብ ጠፋ አልጠፋ፣ ያው ነው። በ1960 ዓ.ም. መንግሥት ወደ እርሻ ገቢ ግብር ልዙር ሲል ደግሞ የጎጃም ገበሬ አመፀ፤ ገማቹን አላመነውምና። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ በየከተማው ሱቅ የተዘጋውም በዚሁ ምክንያት ነበር።

ሕንድም ይህ ችግር ገጥሟት ነበር። ትልልቅ ኩባንያዎች ለባለአክሲዮኖቻቸው «አተረፍን» ብለው ድርሻ ያከፋፍላሉ፤ ግብር ሰብሳቢው ፊት ሲቀርቡ ግን በልዩ ልዩ ማበረታቻና ቅናሽ ተከልለው ባዶ እጃቸውን ያሳያሉ። እ.አ.አ. በ1987 ራጂቭ ጋንዲ በበጀት ንግግራቸው መላውን አመጡ፤ ለባለአክሲዮን ባሳየኸው የመዝገብ ትርፍ 30 በመቶ ላይ ግብር ትከፍላለህ። ኩባንያው በገዛ ቃሉ ተያዘ ማለት ነው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የሕንዱ ሕግ መዝገቡን ከፍቶ ያነባል፤ የእኛው በመዝገቡ ላይ ተራምዶ ሽያጩን ይይዛል። ዓመቱን ሙሉ እየሸጡ «ከሰርን» የሚሉ እንዳሉ ማንም አይክድም። ግን በ2006 ዓ.ም. የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ አውጥተን፣ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ አቋቁመን፣ «መዝገባችሁን በዓለም አቀፍ ደረጃ ያዙ» ስንል ከርመናል። በ30 በመቶ ምጣኔ፣ ከ100 ብር ሽያጭ ከ8 ብር ከ33 ሳንቲም በታች ለሚያተርፍ፣ መዝገቡ ትርፉን በትክክል ተናገረም አልተናገረም የሚከፍለው ያው ነው። ታዲያ በሐቅ ለመጻፍ ምን ያተጋዋል?

አጭበርባሪውን ለመያዝ የተጣለው መረብ፣ ትንሿንም ዓሣ ይዞ እንዳይወጣ እፈራለሁ። የጫሞ አስጋሪ እንኳ የመረቡን ዓይን ስፋት ይመርጣል!