ከዝንጀሮው ንጉሥ እስከ ወፍራሙ ፓንዳ

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሽናሻ፣ የማኦና የኮሞ ብሔረሰቦች ተረታቸውን በየቋንቋቸው ይተርታሉ። የክልሉ ርዕሰ ከተማ የአሶሳ መሥሪያ ቤቶች ሥራቸውን የሚያካሂዱት ግን በአማርኛ ነው። እንዲህ ባለ አገር ለአያትም ለልጅ ልጅም እኩል የሚደርስ ሳቅ ማግኘት ቀላል ጉዳይ አይደለም። እንስሳት የሚፋለሙበት አስቂኝ የካርቱን ፊልም ቤተሰብን በአንድነት የሚስብበት ምክንያትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነውና ታሪኩን ከሥሩ መመልከት ይገባል።

ሥሩ ሻንጋይ ነው። ዋን ላይሚንግና ዋን ጉቻን የተባሉ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1941 የመጀመሪያውን ረጅም የቻይና ካርቱን ፊልም አቀረቡ፤ ጊዜውም ቻይና በጃፓን ጦር የተወረረችበት ነበር። ታሪኩ «ወደ ምዕራብ የተደረገ ጉዞ» ከተሰኘው ጥንታዊ ልብ ወለድ የተቀዳ ሲሆን፣ ዋናው ጀግና በዱላውና በብልጠቱ የታወቀው የዝንጀሮው ንጉሥ ነው። በፍጻሜው ላይ ግን በሬ መሳዩ አጋንንት ድል የሚሆነው ነዋሪው ሕዝብ አብሮ ሲነሣ ነው። ሕፃኑ በዝንጀሮው ዝላይ ሲስቅ፣ አዋቂው በበሬው ውስጥ የወራሪውን መልክ ማየት ይችል ነበር።

የሰው ተዋናዮች የሚሠሩበት የፍልሚያ ፊልም ሳቅን ለመልመድ ጊዜ ወስዶበታል። ብሩስ ሊ ኮስታራ ነበር። በሆንግ ኮንግ የፔኪንግ ኦፔራ ትምህርት ቤት ያደገው ጃኪ ቻን እ.ኤ.አ. በ1978 በ«ሰካራሙ መምህር» ፊልም የሚወድቅ፣ የሚደበደብና ከሥልጠና የሚሸሽ ጀግና ይዞ ቀረበ።

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የአሜሪካኖቹ «ኩንግ ፉ ፓንዳ» የዚህ ሁሉ ወራሽ ነው፤ የዝንጀሮውን ድምፅ የሰጠውም ራሱ ጃኪ ቻን ነው። ፖ የሾርባ ሻጭ ልጅ ነው፤ ደረጃ መውጣት ያደክመዋል። መምህሩ ሺፉ ሥልጠናውን የሚያገኝለት ከሆዳምነቱ ነው። ለመጨረሻዋ የሊጥ ጥቅል ሁለቱ በቀጫጭን የመብያ እንጨቶች የሚያደርጉት ግጥሚያ ያለ ብዙ ቃል የሚታይ ነው፤ ፖም ካሸነፈ በኋላ አልራበኝም ብሎ ጥቅሏን ለመምህሩ ይመልሳታል። ይህን ለመረዳት እንግሊዝኛ ማወቅ አያስፈልግም፤ ልጁ በሽሚያው ይስቃል፣ አባትየው ደግሞ የተማሪውን መብሰል ያያል። (ተከታዮቹ ክፍሎች ሁሉ እዚህ ደረጃ ደርሰዋል ለማለት ያስቸግራል።) ቻይናውያን የፊልም ሰዎችም በእኛው ፓንዳና በእኛው ኩንግ ፉ ይህን ሥራ እኛ ለምን አልሠራነውም ብለው ተከራክረውበታል።

ጥያቄው ለእኛም ይደርሳል። ጉልበተኛውን ጅብ በብልሃቷ የምታሞኘውን ጦጣ ኢትዮጵያዊ ሕፃን ሁሉ ያውቃታል። ብሪታንያዊቷ ደራሲ ኤሊዛቤት ሌርድ በብሪትሽ ካውንስል ድጋፍ ከየክልሉ ያሰባሰቧቸው ተረቶች የቤኒሻንጉል ጉሙዝንም ይጨምራሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የልጆች ፕሮግራም በአሻንጉሊት ቀጭኔ ተነሥቶ በአማርኛ ብዙ ተመልካች አግኝቷል፤ ኋላም ወደ ሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ተመልሷል። በክልሉም የበርታ፣ የጉሙዝና የሽናሻ ቋንቋዎች ፊደል ተቀርጾላቸው ወደ ትምህርት ቤት ገብተዋል። ተረቱም ቋንቋውም እንግዲህ በእጅ ነው፤ ጦጣይቱን በርታኛ እያናገረ የሚያስዘልል ሠዓሊ ቢገኝ የአሶሳ አያት ለልጅ ልጇ መተርጎም የሚኖርባት አይሆንም።