እናትሽንም ይዘሽ ነይ

እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢዋ፣ አረጋውያንን ተንከባክቦ የሚተዳደር ሐበሻ ብዙ ነው። ነርሲንግ ሆም ሌሊት ተረኛ ሆነን የሰው እናት እናጥባለን፣ እናጎርሳለን፣ በመርሳት በሽታ ስሟ ቢጠፋባት ደግመን ደጋግመን እንነግራታለን። የገዛ እናታችን ስትረሳ ግን በሩን እንዘጋለን። እንግዳ ሲመጣ «ትንሽ አሟት ተኝታለች»፤ ከቤተ ክርስቲያን ስትቀር «ብርዱ ከብዷት ነው» እንላለን። ገመና ነዋ! ጠበል ውሰዷት የሚል አለ፣ ልጆቿ አበሳጭተዋት ነው ብሎ የሚያማም አለ።

ዕድራችን ለሞት ፈጣን ነው። መርዶው በተሰማ በሰዓታት ውስጥ ወንበሩም፣ ምግቡም፣ ገንዘቡም ይደርሳል። አልዛይመር ግን ከታወቀ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ 20 ዓመት አብሮ ይኖራል። ለዚያ ለቅሶ ላልተቀመጡበት ዘመን የዕድሩ ደንብ ላይ አንድም አንቀጽ አላገኘንም።

መላው የመጣው ከኔዘርላንድ ነው። ቤር ሚሰን የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ባልና ሚስት እንኳ ስለ በሽታው እርስ በርስ እንደማይነጋገሩ አስተዋለ። በሴፕቴምበር 1997 እ.ኤ.አ. ላይደን ከተማ ውስጥ «አልዛይመር ካፌ»ን ጀመረ። ታማሚው፣ አስታማሚውና ባለሙያው በወር አንዴ አንድ ክፍል ይቀመጣሉ፤ መጀመሪያ ቡና፣ ቀጥሎ አጭር ማብራሪያ፣ ከእረፍት በኋላ ጥያቄ፣ በመጨረሻ ጨዋታ። ዛሬ በኔዘርላንድ ብቻ ከ200 በላይ አሉ። ወደ አሜሪካ የገባው በ2008 እ.ኤ.አ. ዪተ ሎክቪግ የተባሉ ሴት ሳንታፌ ውስጥ ሲያስጀምሩት ነው፤ ከዚያ «ሜሞሪ ካፌ» እየተባለ በየግዛቱ ተዛመተ። ቡና ጠጥቶ መወያየትን ከደች መማራችን ለኔም ያስቀኛል።

ሜሞሪ ካፌውን መጀመሪያ ከፈረንጆቹ ጋር ሞከርነው። ሰዎቹ ደጎች ናቸው፤ እናቶቻችን ግን እንግሊዝኛው ጠፍቶባቸው ዝም ብለው ይቀመጡ ነበር። በዚህ በሽታ ዘግይተው የተማሩት ቋንቋ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይሄዳል። ስለዚህ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ለመንን፣ ጀበናና ረከቦት ከየቤታችን አመጣን። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሁላችንም እናቶቻችንን ትተን ብቻችንን መጣን። ከመካከላችን ነርስ የሆነች አንዲት እህታችን አየችንና «በሚቀጥለው እናትሽንም ይዘሽ ነይ» አለች፣ ለእያንዳንዳችን።

አሁን ሥርዓቱ የራሳችን ሆኗል። አቦል ላይ ጨዋታ ብቻ ነው። ቶና ላይ ነርሷ ታስረዳለች፤ በረካ ላይ እንጠይቃለን። ቡናው የሚቆላው ደጅ ነው፤ ውስጥ ሲቆላ የእሳት አደጋው ደወል ጮኾ አዳራሹን አስለቅቆናል። የልጃቸው ስም የማይመጣላቸው አንዲት እናት ምጣዱን ይዘው የቡናውን ፍሬ በማሽተት ብቻ ያወጡታል፤ አንድም ጊዜ አላሳረሩም። በረካውን ጠጥተው ደግሞ «አቦሉ የታለ?» ይላሉ። ይቀዳላቸዋል።

ከሰማሁት ሁሉ የጠቀመኝ አንድ ነገር ነው። ማታ ማታ እናቴ «ወደ ቤቴ ልሂድ» እያለች በሩ ላይ ትቆማለች። «እማዬ፣ ቤትሽ እኮ ይኸው ነው» እያልኩ እሟገታት ነበር። ነርሷ «አትከራከሪያት፣ ስለ ቤቱ ጠይቂያት» አለችኝ። አሁን «ቤትሽ ማን ማን አለ?» ስላት ተቀምጣ ታወራለች፤ ላሞቹን ሁሉ በስማቸው ትጠራቸዋለች።

ወንዶቹ ዘግይተው መጡ፤ ዛሬም ጥቂት ናቸው። ወንድሞቻችን ገንዘብ ይልካሉ፣ እግዜር ይስጣቸው። እኛን ያጠፋን ግን የእንቅልፍ እጦት ነው፤ አንድ ሌሊት መጥቶ የሚያድር ወንድም ከሚልከው ብር ይበልጥብናል።

እናታችሁ ወይም አባታችሁ ነገር መርሳት ከጀመሩ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትተዉ፤ ሐኪም ይያቸው። የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና ድባቴ የመርሳት በሽታን ይመስላሉ፤ ይታከማሉም። አሜሪካ ያላችሁ፣ የአልዛይመርስ አሶሲዬሽን ስልክ 1-800-272-3900 ሌት ተቀን በነጻ ይሠራል። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ያገናኟችኋል።