መሳል ያቃተው ባለርስት

ስልካችሁ ውስጥ ስንት ፎቶ አለ? መቶ? ሺህ? ከፎቶግራፍ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው እንግሊዛዊ ወደዚህ ሥራ የገባው ሥዕል አልሆንለት ብሎ እንደሆነስ ታውቃላችሁ?

ሰውየው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ይባላል። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1800 ነው። ገና የአምስት ወር ሕፃን ሳለ አባቱ ሞቱ። ያወረሱት ደግሞ በዊልትሸር የሚገኘውን የላኮክ ርስት ብቻ ሳይሆን ከባድ ዕዳም ጭምር ነበር። ስለዚህ ርስቱ ተከራየ፤ እናትና ልጅ ከዘመድ ቤት ወደ ዘመድ ቤት እየተዘዋወሩ ኖሩ። ደግነቱ እናቱ ሌዲ ኤልሳቤጥ ብልህ ሴት ነበሩ። ከሁለተኛ ባላቸው ጋር ሆነው ርስቱን ከዕዳ አወጡት፤ ልጃቸውም ካምብሪጅ ተማረ። በ1827 ቤተሰቡ ላኮክ ገባ።

ታልቦት እንደ ዘመኑ ባለርስቶች ፖለቲካንም ሞክሯል። በታኅሣሥ 1832 የቺፐናም ከተማ የፓርላማ አባል ሆኖ ተመረጠ፤ በዚያው ወር ኮንስታንስ መንዲን አገባ። በቀጣዩ ዓመት ጣሊያን ውስጥ ኮሞ ሐይቅ ዳር ሳሉ የቤተሰቡ ሴቶች ቁጭ ብለው ያማረ ሥዕል ይሥላሉ። እሱ ግን ካሜራ ሉሲዳ የሚባለውን የሥዕል መርጃ መሣሪያ ይዞ እንኳ አልተሳካለትም። ያኔ ነው “ብርሃን ራሱ ወረቀት ላይ ቢሥልልኝስ?” ብሎ ማሰብ የጀመረው።

ላኮክ ሲመለስ ወረቀት በገበታ ጨው ውሃ ነክሮ ሲልቨር ናይትሬት ቀባው። ሁለቱ ሲገናኙ ብርሃን ሲነካው የሚጠቁር ሲልቨር ክሎራይድ ይፈጠራል። በነሐሴ 1835 በትንሽ ካሜራ የቤቱን መስኮት አነሳ። ብሩህ የነበረው ጥቁር፣ ጥቁር የነበረው ብሩህ ሆኖ ወጣ፤ ኔጋቲቭ ማለት ይኼው ነው። ያቺ ምስል እስከ ዛሬ አለች።

ከዚያስ? ከዚያማ ዝም አለ! ወደ ሌሎች ጥናቶቹ ዞረና ግኝቱን ሳያሳትም ከሦስት ዓመት በላይ አስቀመጠው። በጥር 1839 የፈረንሳዩ ዳጌር ፎቶ የማንሳት ዘዴ ማግኘቱ በፓሪስ ታወጀ። ታልቦት ደንግጦ በዚያው ወር መጨረሻ የራሱን ሥራ ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ አቀረበ። እናቱም “ይህን ያህል ዓመት ለምን ደበቅኸው?” ብለው በደብዳቤ ወቀሱት።

ደግነቱ የሁለቱ ዘዴ የተለያየ ነበር። የዳጌር ምስል በብረት ሰሌዳ ላይ የሚቀር አንድ ቅጂ ብቻ ነው። ታልቦት ግን ከአንድ ኔጋቲቭ የፈለገውን ያህል ማተም ይችላል። ዲጂታል ካሜራ እስኪመጣ ድረስ ዓለም አብዛኛውን ፎቶ ያተመው በዚሁ መንገድ ነው። ኮንስታንስም በ1839 ዘዴውን ራሷ ሞክራለች፤ ፎቶ ካነሱ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች መካከልም ትቆጠራለች።

እንግዲህ ልብ በሉ፦ ታልቦት ለምርምር ጊዜና ገንዘብ ያገኘው ከርስቱ ነው። ርስቱን ያተረፉለት ደግሞ እናቱ ናቸው። በመማሪያ መጽሐፍ የአንድ ፈጣሪ ስም ባያችሁ ቁጥር፣ “ቤቱ ውስጥ ሌላ ማን ነበር?” ብላችሁ ጠይቁ።