ሙሾ፣ የቁም ተዝካርና ኑዛዜ



ዕድራችን የተቋቋመው ለቀብር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ፣ የንፍሮው እህል፣ ጥሩምባውም ሳይቀር የሚነሳው ሰው ሲሞት ነው። ነገር ግን በወርኃዊ ስብሰባችን ስለ መዋጮና ስለ ቅጣት ስንከራከር እንውላለን እንጂ ስለ ሞት ራሱ ተነጋግረን አናውቅም። አንድ ሰው ተነስቶ «እኔ ስሞት እንዲህ አድርጉልኝ» ቢል «ምን ያሟርትሃል?» ተብሎ ይቀመጣል። ይኼ ዝምታ የአባቶቻችንና የእናቶቻችን ልማድ ይመስለናል፤ ታሪኩ ሲታይ ግን እንዲያ አይደለም። እነሱ ስለ ሞት በግጥም፣ በዜማ፣ በሥዕልና በግብዣ ይነጋገሩ ነበር። እኛም ዘንድሮ በዚህች መጽሔት ይህን ታሪክ በአጭሩ ልናቀርብና ዛሬ ምን እንደሚጠቅመን ልናመለክት ወደናል።

ድንጋይና እንጨት

በአገራችን ለሞተ ሰው የሚሠራ ጥበብ እጅግ የቆየ ነው። የአክሱም ሐውልቶች የቆሙት በመቃብር ሥፍራ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በቡታጅራ መንገድ ላይ በምትገኘው በጢያ 36 ድንጋዮች ቆመዋል፤ ከነዚህ ውስጥ 32ቱ ሰይፍና ሌላም ምልክት የተቀረጸባቸው ናቸው። ሥፍራው የመቃብር ቦታ ነው። የኮንሶ ሕዝብ ደግሞ ለጀግናና ለታላቅ ሰው ዋካ የሚባለውን የእንጨት ምስል ጠርቦ ያቆማል። ሟቹን ብቻ ሳይሆን ሚስቶቹንና የገደለውን ጠላት ወይም አውሬ ጭምር በአጠገቡ ያቆምለታል። ያለ ጽሕፈት የተጻፈ የሕይወት ታሪክ ማለት ይህ ነው።

ሙሾ

በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ይህን ሥራ የሠራው ድንጋይ ሳይሆን ቃል ነው። ሙሾ የምታወርደው አልቃሽ እንዲያው የምትጮህ ሴት አልነበረችም። ወደ ልቅሶው ስትመጣ አስቀድማ የሟቹን የትውልድ ሐረግ፣ አገሩን፣ ሥራውን፣ የፈረሱን ስም፣ የልጆቹን ቁጥር ትጠይቃለች። ከዚያ በኋላ ቤት እየመታች በሁለት በሁለት ስንኝ ታወርደዋለች። ሕዝቡ ደረቱን እየደቃ ይቀበላል። የሟቹ ልብስ፣ ጠመንጃው፣ ጋሻና ጦሩ፣ ፈረሱም ከነኮርቻው በልቅሶው መካከል ይታያል። ኋላ ከተማ ሲገባ በዚያ ፈንታ ፎቶግራፍ መጣ።

ሙሾ ሦስት ሥራ ነበረው ብንል ያስኬዳል።

1ኛ/ ታሪክ ይይዛል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ የተገጠመላቸው ግጥም ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ኖሮ እስከ ዛሬ ይታወቃል። ጽሕፈት በማያውቅ ሕዝብ ውስጥ የቤተሰብን መዝገብ የያዙት አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ።

2ኛ/ ኀዘንን ያወጣል። ለቅሶ የሄደ ሰው የሚያለቅሰው ለሟቹ ብቻ አይደለም። አልቃሿ የአንዲቱን ልጅ ሞት ስታነሳ ከሦስት ዓመት በፊት ልጇን የቀበረችው ጎረቤት የራሷን ታለቅሳለች። ያን ጊዜ ያላለቀ እንባ እዚህ ያልቃል። ማንም «ለምን አለቀስሽ?» አይላትም።

3ኛ/ ያስታርቃል፣ ይወቅሳልም። በሰምና ወርቅ የተለበጠ አንድ ስንኝ ለተጣሉ ወንድማማቾች፣ አባቱን ላልጦረ ልጅ፣ የሟችን ዕዳ ለካደ ሰው ይደርሳል። ፊት ለፊት ቢነገር ጠብ የሚያነሳው ነገር በሙሾ ሲነገር ይዋጣል።

እርግጥ ሙሾ ነቃፊ አላጣም። የቤተ ክርስቲያን መምህራን ተስፋ እንደሌለው ሰው አብዝቶ ማዘን፣ ፊት መንጨትና ደረት መድቃት አይገባም ብለው ያስተምራሉ። የእስልምና አስተማሪዎችም እየጮሁ ማልቀስን ይከለክላሉ። እነዚህ ተግሣጾች በቂ ምክንያት አላቸው፤ ፊቷን ነጭታ ቁስሏ ያመረቀዘ ሴት በየመንደሩ ነበረች። ሆኖም ብልኆቹ ሙሾን ያረሙት እንጂ ያጠፉት አይደሉም። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆኑን ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። በ1910 ዓ.ም. «የልቅሶ ዜማ ግጥም» የሚል መጽሐፍ አሳትመዋል። ምስጢሩ ከመጻሕፍት ጋር የተስማማ ግጥም ለሕዝቡ ሰጡት ማለት ነው። ሕዝቡን አታልቅስ ከማለት ይልቅ እንዴት እንደሚያለቅስ ማስተማር ይሻላል ያሉ ይመስለናል። በዚያው ጊዜ «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» የሚለውን መጽሐፍ ጽፈዋል። አርእስቱ ብቻ እንኳ ለእኛ ትምህርት ነው፤ አባት በቁሙ ሳለ ለልጁ የሚተወው ምክር ከሞተ በኋላ መታሰቢያው ይሆናል።

በገና፣ ሥዕልና መንዙማ

ልቅሶ ከደረሰ በኋላ ከሚሆነው ሌላ፣ ማንም ሳይሞት ስለ ሞት የሚያሳስብ ጥበብም ነበረን። በዐቢይ ጾም የሚደረደረው በገና ዋና ነገሩ የዚህ ዓለም ከንቱነትና ሞት ነው። ደርዳሪው ለራሱ ነፍስ እየነገረ ሰሚውም የራሱን ያስባል። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቅዱስ ሚካኤል ነፍስን በሚዛን ሲመዝን የሚያሳየውን ሥዕል ያላየ ማን አለ? ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ ያነበው ነበር። ሙስሊም ወንድሞቻችንም በመንዙማቸው ይህንኑ ያስባሉ። ስለዚህ ሞትን ማንሳት ሟርት ሳይሆን ትምህርት ነበር።

የቁም ተዝካር

ሠልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት እያልን የምንቆጥረው ቀን ለኀዘን ደረጃ የሚሰጥ ነው። ኀዘንተኛው መቼ ከቤት እንደሚወጣ፣ መቼ ጥቁር እንደሚያወልቅ ያውቃል። ነገር ግን ተዝካሩ በድግስ ውድድር ተበላሸ። ስንቱ ገበሬ በሬውን ሸጦ፣ ስንቱ የከተማ ሰው ተበድሮ ደገሰ! የሞተው ሳይረሳ ዕዳው ለልጆቹ ደረሰ።

በዚህ መካከል አንድ የሚያስገርም ልማድ ነበር፤ የቁም ተዝካር ይባላል። ይኸውም ሰውየው ገና በሕይወት ሳለ ተዝካሩን ራሱ ያወጣል። ካህናቱን፣ ድሆችንና ጎረቤቱን ጠርቶ ያበላል፤ ወራሽ የሌለው ወይም በወራሾቹ ያልተማመነ ሰው ይህን ማድረጉ የተለመደ ነበር። እንግዲህ ስለ ሞቱ በአደባባይ እየተነጋገረ፣ ልጆቹን ከወጪ እያዳነ፣ የተጣላውንም ለመታረቅ ዕድል ያገኛል። የአሁኑ ዘመን ሰዎች እንደ አዲስ የሚያወሩት «ለመጨረሻ ጊዜ መዘጋጀት» የሚባለው ነገር አባቶቻችን ዘንድ በጠላና በእንጀራ ይከናወን ነበር።

ልቅሶ የተከለከለበት ጊዜ

ልቅሶ ምን እንደሚሠራ በደንብ የሚታወቀው ሲከለከል ነው። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ፋሽስቶች አዲስ አበባ ላይ ሕዝቡን ሲጨፈጭፉ፣ ሙሾ ሊወርድላቸው ቀርቶ ቀባሪ ያላገኙ ብዙዎች ናቸው። ከዚያ በፊት ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት የተገደሉት አቡነ ጴጥሮስ፣ ኋላ ሐውልት ቆሞላቸው፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» በሚለው ሥራው አስለቀሰላቸው። በ«ቀይ ሽብር» ጊዜ፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ ልጃቸው ተገድሎ ልቅሶ እንዳይቀመጡ፣ ጥቁር እንዳይለብሱ የተከለከሉ እናቶች ነበሩ። በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ አጠገብ የሰማዕታቱ መታሰቢያ ሙዚየም ሲከፈት፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ የታፈነ እንባ በፎቶግራፉ ፊት ፈሰሰ። የታፈነ ኀዘን ይቆያል እንጂ አይጠፋም።

ራሳችን ያየነው ደግሞ የኮሮናን ጊዜ ነው። መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ድንኳን ተጠቀለለ፣ ንፍሮ ቀረ፣ ልቅሶ በስልክ ሆነ። ጥቂት ሰው ቀብሮ ተመለሰ። በዚያን ጊዜ ባሏን ወይም እናቷን የቀበረች ሴት ዛሬም «ወጉ ሳይደርሰው» እያለች ትብሰከሰካለች። እንደነዚህ ላሉት አንድ ቀን ሰብሰብ ብለን በአንድነት ብናስብላቸው ምን ነበረበት?

ዕድርና ሕያዋን

ዕድር ራሱ የከተማ ልጅ ነው። ጥናት ያደረጉ ሰዎች መነሻውን ካለፈው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጋር፣ በተለይም ወደ አዲስ አበባ ከመጡት የጉራጌ ተወላጆች ጋር ያያይዙታል። ከዘመድ ርቆ የመጣ ሰው ቀባሪ እንዳያጣ የተፈጠረ መላ ነው። በ1990ዎቹ የኤድስ በሽታ ሲበረታ ግን ሣጥናችን ባዶ እስኪሆን ቀበርን። ያን ጊዜ ብዙ ዕድሮች «የሞተውን ከመቅበር በፊት ያለውን እንደግፍ» ብለው ሕሙማንን መጠየቅና ወላጅ አልባ ልጆችን መርዳት ጀመሩ። በኡጋንዳ በዚያው በሽታ የተያዙ እናቶች ለልጆቻቸው የትዝታ መጽሐፍ ይጽፉ ነበር፤ ልጁ ከማን እንደተወለደ፣ በሕፃንነቱ ምን ይወድ እንደነበር፣ እናቱ ምን እንደምትመኝለት፣ ሥዕልና ፎቶግራፍም ተለጥፎበት። እናትየዋ መጽሐፉን ከልጇ ጋር ስትሠራው መታመሟን ለመንገር መንገድ ይከፈትላታል። እኛ ግን ሕፃኑን «አባትህ መንገድ ሄዷል» ብለን እናታልላለን፤ ልጁ በር በሩን እያየ ያድጋል።

ኑዛዜ

ኑዛዜ የሚለው ቃላችን ሁለት ትርጉም አለው። አንዱ ለነፍስ አባት ኃጢአትን መናገር ነው፤ ሌላው ንብረትን ማከፋፈል ነው። ቀድሞ ሁለቱም በአንድ አልጋ አጠገብ ይፈጸሙ ነበር፤ የነፍስ አባትና ሽማግሎች ተጠርተው ይሰማሉ። በፍትሐ ነገሥትም ስለ ኑዛዜ ተደንግጓል። በእስልምና ወሲያ የሚባል አለ፤ ሰውየው ከንብረቱ ከሲሶ ያልበለጠውን ወራሹ ላልሆነ ሰው ወይም ለበጎ ሥራ ሊተው ይችላል።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለኑዛዜ ሦስት መንገድ አበጅቷል። ዘመናችንን በወረቀት ሥራ ስለፈጀን ይህን ሳንጠቅስ ማለፍ አልሆነልንም።

1ኛ/ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ፤ ተናዛዡ ወይም ሌላ ሰው ይጽፈዋል፤ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ ይህም መፈጸሙና ቀኑ በጽሑፉ ውስጥ ይመለከታል፤ ወዲያው ሁሉም ይፈርማሉ።

2ኛ/ በተናዛዡ ጽሕፈት የሚደረግ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራሱ እጅ የተጻፈ፣ ኑዛዜ መሆኑን የሚናገር፣ ቀንና ፊርማ ያለበት። በሰባት ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይፈርሳል።

3ኛ/ በቃል የሚደረግ፤ በሁለት ምስክሮች ፊት። ይኼኛው ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ስለ ትንንሽ ስጦታና ስለ ልጆች አሳዳጊ ብቻ የሚሠራ ሲሆን ከሦስት ወር በኋላ ዋጋ የለውም።

አንድ ነገር በጣም ይሰመርበት። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ ሆነው «ከሁለታችን የቀረው ይውሰድ» ብለው የሚፈራረሙ ብዙ ናቸው። ሁለት ሰው በአንድ ሰነድ የሚያደርገው ኑዛዜ በሕግ ፈራሽ ነው። እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ይጻፉ። ኑዛዜ ከሌለ ደግሞ ቀድመው የሚወርሱት ልጆች ናቸው፤ ባል ወይም ሚስት ከጋራው ሀብት የራሳቸውን ድርሻ ይወስዳሉ እንጂ የሟቹን ድርሻ አይወርሱም። ድንኳኑ ሳይፈርስ በቤት ምክንያት የሚነሳው ጠብ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ይህን አለማወቅ ነው። ሙሾ የማያስታርቀውን ጠብ ወረቀት አስቀድሞ ይከለክለዋል፤ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባል የለ!

የምናቀርበው ሐሳብ

ዛሬ በከተማችን አልቃሽ እየጠፋች ነው። በምትኳ በቀብር ላይ የሕይወት ታሪክ ይነበባል። መልካም ነው፤ ግን ብዙውን ጊዜ ሌሊቱን በጥድፊያ የተጻፈ ስለሆነ የትውልድ ዘመኑ እንኳ ይሳሳታል። ስለዚህ፦

ሀ/ እያንዳንዱ አባል የሕይወት ታሪኩን በራሱ አንደበት ሁለት ገጽ ያህል ያጽፍ። መጻፍ ለማይችሉት ልጆቻቸው ወይም የዕድሩ ጸሐፊ ይጻፉላቸው። ታሽጎ በሣጥናችን ይቀመጥ።

ለ/ ከዚሁ ጋር መርዶው ለማን በማን በኩል እንደሚነገር፣ በተለይም በአረብ አገርና በአሜሪካ ያሉት ልጆች ብቻቸውን ሳሉ በስልክ እንዳይሰሙ፣ የት እንደሚቀበርና ተዝካሩ ምን ያህል እንደሚሆን ይጻፍ።

ሐ/ በዓመት አንድ ቀን አሮጊቶቻችን የሚያስታውሱትን ሙሾ ያሰሙን፤ ወጣቶቹ በስልካቸው ይቅረጹት። በገና የሚደረድር፣ መንዙማ የሚያውቅ፣ መዝሙር የሚዘምር ይጋበዝ። ልጆችም የሞተባቸውን ሰው ሥዕል ስለው ያምጡ።

መ/ በዚያው ቀን ሕግ የሚያውቅ ሰው ስለ ኑዛዜ ያስረዳን።

ለዚህ ሁሉ ከመዋጮአችን የሚወጣው ቡናና ቆሎ ብቻ ነው። ሞት አይቀርም፣ ስም አይቀበርም ይባላል። ስማችንንም ሐሳባችንንም በአፋችን ሳለን ለልጆቻችን እናስረክብ።

በዚህ ዓመት ያለፉትን አባሎቻችንን ነፍስ ይማርልን። ለቀሩት ቤተሰቦች መጽናናቱን ይስጥልን። ለእኛም ዕድሜና ጤና ሰጥቶ ለከርሞ ስብሰባ በሰላም ያድርሰን።