ሕመም የማይሰማው እግርና የጫማው ሚዛን

በጭሮ (አሰበ ተፈሪ)፣ በሒርና፣ በበዴሳ ወይም በገለምሶ የሚሠራ የጤና ባለሙያ፣ በውስጥ እግሩ ላይ ጥልቅ ቁስል ይዞ ሳያነክስ ረጅም መንገድ ተጉዞ የሚመጣ ሕመምተኛ ሊያጋጥመው ይችላል። የሕመምተኛው ነርቭ በሥጋ ደዌ ወይም በስኳር ሕመም ተጎድቶ ከሆነ፣ አለማነከሱ የቁስሉን ቅለት ሳይሆን የጉዳቱን ክብደት ያመለክታል። ጤነኛ ሰው ሲያመው አረማመዱን ይለውጣል፤ ይህ ሰው ግን የቆሰለውን ቦታ ደጋግሞ ይረግጥበታል።

ሐረርጌ ከዚህ ችግር ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። የፈረንሳይ ካፑቺን ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1901 በሐረር ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ አቋቋሙ። በ1958 ከሐረር ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው የቢሲዲሞ ሆስፒታል በጀርመን የሥጋ ደዌ መከላከያ ማኅበር ድጋፍ ተመሠረተ። በ1965 ደግሞ በአዲስ አበባ አለርት ተቋቋመ። ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ጭሮ የምትገኘው በእነዚህ ተቋማት መካከል ነው። ከጨርጨር ደጋ ተነሥቶ ወደ አንዱ ለሚሄድ ሕመምተኛ ጉዞው ረጅም ስለነበረ፣ ቁስሉ ድኖለት ሲመለስ የሚጫማው ጫማ ከፋሻው ያላነሰ ዋጋ ነበረው።

ግን የትኛው ጫማ? ለአለርት መቋቋም ከተጉት አንዱ የነበሩት የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ዶክተር ፖል ብራንድ በሕንድ ቬሎር ባካሄዱት ሥራ ቁስሉን የሚያመጣው የሥጋ መበስበስ ሳይሆን የግፊት መደጋገም መሆኑን አስተምረው ነበር። ስለዚህ ጫማ በመልኩ ሳይሆን በሚቀንሰው ግፊት መመዘን ነበረበት።

የልኬቱ ታሪክ ከዚያ ይቀድማል። ፈረንሳዊው ማሬ በ1870ዎቹ አየር የያዘ ክፍል ባለው ጫማ የእርምጃን ግፊት መዝግቧል። በ1947 ሐሪስና ቢዝ ግፊት የበዛበትን ቦታ በቀለም አጥቁሮ የሚያሳይ የጎማ ምንጣፍ አስተዋወቁ። ምንጣፉ ርካሽና ቀላል ቢሆንም ባዶ እግርን እንጂ በጫማ ውስጥ ያለውን እግር አያሳይም። ባውማንና ብራንድ በ1963 በእግርና በጫማ መካከል ስስ መለኪያ በማስገባት ይህን ክፍተት መሙላት ጀመሩ።

ሆኖም ከመለኪያው የሚነበበው ቁጥር ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ግፊቱ እንደ እግሩ ቅርጽ፣ እንደ ክብደቱ፣ እንደ እርምጃው ፍጥነትና እንደ ጫማው ይለያያል። ፈጥኖ የሄደ ሰው ከፍ ያለ ግፊት ስለሚያስመዘግብ፣ ጥሩው ጫማ መጥፎ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ተመራማሪዎች አንድ ዓይነት ማነጻጸሪያ ጫማ ይወስናሉ፤ ያው ሰው በተመሳሳይ ፍጥነት መጀመሪያ በእርሱ፣ ቀጥሎ በሚፈተነው ጫማ ይራመዳል፤ የሚመዘነውም ልዩነቱ ነው። ስለ ስኳር ሕመም እግር የሚሠራው ዓለም አቀፍ ቡድን ያወጣው መመሪያም ቁስሉ ለዳነ ሰው የሚሰጠው ጫማ፣ ቀድሞ ቁስል በነበረበት ቦታ፣ በእርምጃ ጊዜ ያለውን ከፍተኛ ግፊት ቢያንስ በ30 በመቶ እንዲቀንስ ወይም ከ200 ኪሎፓስካል በታች እንዲያደርገው ይመክራል።

ኤሌክትሮኒክ መለኪያ በሌለበት ጤና ጣቢያም የማነጻጸሩ ሥርዓት ሊሠራ ይችላል። በ10 ግራም ናይሎን ክር የእግርን ስሜት መመርመር፣ የደነደነውንና የሞቀውን ቦታ በእጅ መዳሰስ፣ ሕመምተኛው በረባሶም ሆነ ኮንጎ ጫማ ተጫምቶ ቢመጣ ያንኑ በካርዱ ላይ መጻፍ፣ በቀጣዩ ቀጠሮም ያንኑ ቦታ ከቀድሞው ጋር ማስተያየት ይቻላል። ጫማው ሳይመዘገብ «ቁስሉ ተመለሰ» ብሎ መጻፍ ግን የጥፋቱን ምንጭ ሳይመረምሩ ማለፍ ነው። ሕመምተኛው ራሱ ሕመሙን ሊነግረን ስለማይችል፣ ስለ እርሱ የሚናገሩት የእኛ ዓይን፣ እጅና መዝገብ ናቸው።