የግሬደሩ ካርድ

የጎጃም መንገድ ከጉለሌ ተነስቶ እንጦጦን ይወጣል። ቤቴ ሆኜ ዳገቱ ላይ የሚያቃስተውን ሞተር ሁሉ አዳምጣለሁ፤ የሜካኒክ ጆሮ ጡረታ አይወጣም።

በ1943 ዓ.ም. መንግሥት ለመንገድ ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረ፤ በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ጣሊያን የሠራቸው መንገዶች ጥገና አጥተው ፈራርሰው ነበርና፣ መሥሪያ ቤቱ የተወለደው ለጥገና ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

እኔ በዚሁ መሥሪያ ቤት የመንገድ ካምፕ ሳገለግል እያንዳንዱ ግሬደር የራሱ ካርድ ነበረው። ሰዓት ቆጣሪው 250 በሞላ ቁጥር ዘይትና ፊልትሮ ይቀየራል፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የሠራው ሰው ፊርማ ይሰፍራል። አባይ በረሃ ስንወርድ አቧራው ስለሚብስ የአየር ፊልትሮውን በየማታው እናራግፍ ነበር፤ ይህን ያስተማረን በረሃው ራሱ ነው።

አንድ ክረምት የአንዱ ግሬደር ካርድ በዝናብ ርሶ ቀለሙ ፈሰሰ። ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ጠፋ፤ ሞተሩ ተጣብቆ ቆመ። መለዋወጫ እስኪመጣ መንገዱ በጭቃ ተዘጋ። በሽተኛ በቃሬዛ ጭቃውን ሲያቋርጥ አየሁ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

አሁን የልጅ ልጄ የመንገድ ማሽኖችን ጥገና በስልኳ ትመዘግባለች። ኔትዎርክ በሌለበት ስልኩ ይዞ ያቆየዋል፣ ሲያገኝ ይልከዋል። መጀመሪያ የጠየቅኳት፣ «የሠራው ሰው ስም ይታያል ወይ?» ብዬ ነው። ከፍታ አሳየችኝ።